የቆዳችንን ወዝ የሚያውቁ ሴሎች

የአፍንጫችሁን ግራና ቀኝ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ስስ ቅባት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ይህ ወዝ ከጸጉራችን ሥር ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ይመነጫል። ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስለ መልካችን ስንጨነቅ ነው፤ ሲበዛ ፊታችን ያብለጨልጫል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲያንስ ቆዳችን ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረገ ምርምር ግን ወዛችን ከመልክ ያለፈ ታሪክ እንዳለው አሳይቷል። በቆዳችን ውስጥ የሰፈሩ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ይህን ቅባት ለይተው ያውቁታል። በቦታው እስካለ ድረስ ጸጥ ይላሉ፤ ከቦታው ሲወጣ ወይም በባዕድ ነገር ሲበጣጠስ ይነቃሉ። ንብ የነደፈው ቦታ ለምን እንደሚያብጥ፣ ችፌ ለምን እንደሚያሳክክ፣ ሽታው ደስ የሚል ቅባት አንዳንዱን ሰው ለምን እንደሚያሳብጠው ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ እዚህ ውስጥ ይገኛል። የሥጋ ደዌም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

ከቅባቱ እንጀምር። የቆዳችን ቅባት ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ራሱ ነው። የቆዳችን የመጨረሻው ገጽ ሕይወታቸው ያለፈ፣ ጠፍጣፋና ደረቅ ሴሎች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከ15 እስከ 20 ድርብ ይሆናል። በነዚህ ሴሎች መካከል ያለውን ክፍተት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ቅባቶች ይሞሉታል። የሰውነታችን ውኃ ወደ ውጭ እንዳይተን፣ የውጭው ነገርም እንዳሻው እንዳይገባ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛው ምንጭ ቀደም ብዬ ያነሳኋቸው የወዝ ዕጢዎች ናቸው። ከነርሱ የሚወጣው ትራይግሊሰራይድ፣ ሰም መሰል ቅባትና ስኳሊን የተባለ ዘይት ነው። ከሰው ወዝ ውስጥ ከመቶ 12 ገደማ የሚሆነው ስኳሊን ነው። ሌሎች የሰውነታችን ክፍሎችም ስኳሊን ይሠራሉ፤ ነገር ግን ወዲያው ወደ ኮሌስትሮል ስለሚለውጡት እንዲህ ተጠራቅሞ የሚገኘው ቆዳችን ላይ ነው። መዳፋችንና የእግራችን ውስጠኛ ክፍል የወዝ ዕጢ የላቸውም፤ በደረቅ ወቅት ተረከዛችን ቀድሞ የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይባላል።

ይህን ቅባት የሚያውቁት ሴሎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የላንገርሃንስ ሴሎች ይባላሉ። በ1868 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖል ላንገርሃንስ የተባለ በበርሊን የሕክምና ተማሪ፣ ገና በ21 ዓመቱ አካባቢ፣ የሰው ቆዳን በወርቅ ክሎራይድ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ቅርንጫፍ ያወጡ ጠቆር ያሉ ሴሎች አየ። ቅርንጫፋቸውን ተመልክቶ የነርቭ ሴሎች ናቸው አለ። ግምቱ ትክክል አልነበረም፤ ነገሩ ሳይፈታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1973 ኢንጋ ሲልበርበርግ የተባለች ተመራማሪ አለርጂ የያዘውን ቆዳ ስትመረምር እነዚህ ሴሎች ከነጭ የደም ሴሎች ጋር ተጠጋግተው እንደሚገኙ አሳየች። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ሥርዓቱ አካል መሆናቸው እየጠራ መጣ። የሚኖሩት ከሞተው ንጣፍ ሥር ባለው ሕያው የቆዳ ክፍል ነው፤ ቅርንጫፎቻቸውን በጎረቤት ሴሎች መካከል አሾልከው እስከ ሞተው ንጣፍ ጠርዝ ድረስ ይዘረጋሉ።

ሁለተኛዎቹ ቲ ሴሎች ናቸው። የአንድ አዋቂ ሰው ቆዳ ወደ 20 ቢሊዮን የሚጠጉ ቲ ሴሎችን ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ ይህም በደሙ ውስጥ ካሉት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። ቲ ሴል በራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ነገር የለም። ሌላ ሴል አንድ ነገር በላዩ ላይ ይዞ ሊያሳየው ይገባል። ይህን በ1974 በአውስትራሊያ፣ ካንቤራ የደረሱበት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ናቸው፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ለቲ ሴል የማሳየቱን ሥራ የሚሠሩት ሞለኪውሎች ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ሰጪና ተቀባይ ሲመሳከሩ ሐኪሞች የሚያመሳክሯቸው እነዚያው መለያዎች ናቸው። በ1987 ፓሜላ ቢዮርክማንና ባልደረቦቿ የአንዱን ሞለኪውል ቅርጽ በኤክስሬይ አንሥተው ሲያወጡ፣ አናቱ ላይ አንድ ሰርጓዳ ቦታ፣ በሰርጓዳውም ውስጥ የፕሮቲን ቁራጭ የሚተኛበት ስፍራ ታየ። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የተማረው ቲ ሴል የሚያውቀው የፕሮቲን ቁራጭን ነው የሚል ነበር።

ይህ እምነት የተናወጠው በቦስተን ነው። ቀደም ብሎ በ1979 አንድሪው ማክማይክልና ሴሳር ሚልስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር በእንግሊዝ አገር፣ ከታይመስ ዕጢ በተገኙ የሰው ሴሎች ላይ ሲዲ1 ተብሎ የተሰየመ ሞለኪውል አግኝተው ነበር። ቅርጹ ፕሮቲን ከሚያሳዩት ሞለኪውሎች ጋር ዝምድና ነበረው፤ ምን እንደሚያሳይ ግን የታወቀ ነገር አልነበረም። በ1994 ማይክል ብሬነር፣ ስቲቨን ፖርሴሊና ኢቫን ቤክማን ያሉበት ቡድን የቲቢ ባክቴሪያ ሲቀርብለት በሲዲ1 በኩል የሚነቃ የቲ ሴል ዘር በእጁ ነበረው። የባክቴሪያውን ፕሮቲን በሚፈጭ ኢንዛይም አጥፍተው ሲሞክሩት ቲ ሴሉ አሁንም ይነቃል። የባክቴሪያውን ዝቃጭ ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽና በውኃ ሲለያዩት የሚያነቃው ነገር ከዘይቱ ጋር ሄደ። ጠበብ እያደረጉ መርምረው የደረሱበት ማይኮሊክ አሲድ የተባለው፣ የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚለብስበት ረጅም ሰም መሰል ቅባት ነው። ቲ ሴል ቅባትን ያውቃል ማለት ነው። እኔ በግሌ ይህን ሙከራ ካለፈው ክፍለ ዘመን ውብ ሙከራዎች መካከል እቆጥረዋለሁ፤ መልሱ የተገኘው በረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ሁሉም ሰው አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን ነገር አጥፍቶ በማየት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ዘገየ? አንዱ ምክንያት አይጥ ናት። የሰው ልጅ አምስት የሲዲ1 ዓይነቶች አሉት፤ ከኤ እስከ ኢ በፊደል ይጠራሉ። የላቦራቶሪ አይጥ ያላት ሲዲ1ዲን ብቻ ነው፤ ኤ፣ ቢና ሲ የሏትም። ስለ በሽታ መከላከያ ካወቅነው ውስጥ እጅግ ብዙው በአይጥ ላይ የተጠና በመሆኑ አይጥ የሌላት ነገር ከዓይን ተሰውሮ ቆየ። ለቆዳችን ዋናው ደግሞ በትክክል አይጥ የሌላት ሲዲ1ኤ ነው። የላንገርሃንስ ሴሎች ይህን ሞለኪውል በገፍ ስለሚሸከሙት የፓቶሎጂ ባለሙያ በናሙና ውስጥ እነርሱን ለመለየት ሲዲ1ኤን ቀለም አስይዞ ይፈልጋል። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች የሰው ሲዲ1ኤ ያላቸው አይጦች በዘረመል ምሕንድስና ባያዘጋጁ ኖሮ ከዚህ በታች ከማወራው ውስጥ የተወሰነው ባልታወቀ ነበር።

አሁን ሲዲ1ኤ ቅባትን እንዴት እንደሚይዝ ጠጋ ብለን እንይ። የሞለኪውሉ አናት ላይ ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ጠለቅ ይላል፤ ግድግዳውም ውኃን የሚሸሽ፣ ቅባትን የሚስብ ነው። ጎራዴና ሰገባ አስቡ። ሰገባው ሲዲ1ኤ ነው፤ ጎራዴው ቅባቱ። ብዙዎቹ የሴሎቻችን ቅባቶች ረጅም ጭራና ውኃ የሚወድ ራስ አላቸው። ጭራው እንደ ስለቱ ሰገባው ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ደግሞ እንደ እጀታው ውጭ ይቀራል። በመጀመሪያ ላይ ሁሉም ተመራማሪ የጠበቀው ቲ ሴል እጀታውን ዳስሶ ይለያል የሚል ነበር፤ በአንዳንድ የባክቴሪያ ቅባቶች ላይም ነገሩ እንደዚያው ሆኖ ተገኝቷል።

የወዝ ቅባቶች ግን እጀታ የላቸውም። ስኳሊን፣ ሰም መሰሉ ቅባትና ትራይግሊሰራይድ ውኃ የሚወድ ጎላ ያለ ራስ ስለሌላቸው ሰገባው ውስጥ ጠልቀው ይሰወራሉ። ታዲያ ቲ ሴሉ ምኑን አይቶ ያውቃቸዋል?

በ2010 አነሚክ ደ ዮንግና ብራንች ሙዲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የጤነኛ ሰዎችን ደም ሲመረምሩ ያላሰቡት ነገር አገኙ። ምንም ተሕዋስ ሳይኖር፣ ሲዲ1ኤ ያለበትን ሴል ብቻ አይተው የሚነቁ ቲ ሴሎች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ በቁጥርም ጥቂት አይደሉም። ወደ ቆዳ የሚያደርሳቸውን ምልክት በላያቸው ይዘዋል፤ ቆዳ ሲደርሱም ኢንተርሉኪን 22 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህ መልእክተኛ የቆዳ ሴሎች እንዲባዙና ተሕዋስያንን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮችን እንዲሠሩ ያዝዛል። በ2014 ይኸው ቡድን ቲ ሴሎቹን የሚያነቁት የትኞቹ ቅባቶች እንደሆኑ ሲለይ ስኳሊን፣ ሰም መሰል ቅባትና ትራይግሊሰራይድ ሆነው ተገኙ፤ በቃ የራሳችን ወዝ ነው። በቀጣዩ ዓመት በአውስትራሊያ፣ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የጄሚ ሮስጆን ቡድን የቲ ሴሉ ተቀባይ ከሲዲ1ኤ ጋር ተጣብቆ እያለ ቅርጹን በኤክስሬይ አወጣ። ተቀባዩ ያረፈው ሰገባው ላይ ነበር። ጎራዴውን ጨርሶ አልነካውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነውና። ቲ ሴሉ የሚያውቀው የሰገባውን ራስ ነው። ውስጥ ያለው ቅባት እጀታ ከሌለው የሰገባው አፍ ይገለጣል፤ ቲ ሴሉም ያርፍበታል። እጀታ ካለው፣ በተለይም ስፊንጎማይሊን የተባለው በሴል ሽፋን ውስጥ በብዛት የሚገኝ ቅባት ከገባ፣ እጀታው መንገድ ይዘጋል፤ ቲ ሴሉ ሳይቀመጥ ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው ቅባቱ ባዕድ ነው ወይስ የራሴ የሚል ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሰገባው ውስጥ ያለው የሚከለክል ነው ወይስ የሚፈቅድ ወደሚለው ይዞራል። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ሰውነት ራሱን ከባዕድ ይለያል የሚለው ትምህርት ለቆዳ ቅባት በቂ መልስ አይሰጥም።

ታዲያ ሁላችንም ቀንና ሌሊት የማናክከው ለምንድን ነው? የሚያነቁት ቅባቶች ከሌላው ሰውነት ይልቅ በቆዳው ገጽ ላይ ናቸው፤ ሲዲ1ኤ የያዙት የላንገርሃንስ ሴሎች ደግሞ ከሞተው ንጣፍ ሥር። በመካከላቸው ያ ከ15 እስከ 20 የሚደርስ ድርብ አለ። በሕያው ሴሎች አካባቢ በብዛት ያለው እጀታ ያለው ቅባት ነው፤ ሰገባዎቹም በአብዛኛው በርሱ የተያዙ ናቸው። ቆዳው ሲቆረጥ፣ ሲቃጠል፣ ሲላጥ ወይም በሚያክክ ጥፍር ሲቧጨር የላይኛው ዘይት ወደ ታች ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ የቦታ መዛባት ራሱ ለቲ ሴሎች ምልክት ነው የሚል ነው፤ ኢንተርሉኪን 22 ቆዳን የሚጠግን መሆኑም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቁስል ላይ ጀርም ገና ሳይታይ ጥገናው ይጀመራል ማለት ነው። ለኔ አሳማኝ ነው።

ወደ ንቧ እንምጣ። በአፍሪካ ማር በማምረት ቀዳሚ በሆነችው አገራችን በንብ ያልተነደፈ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ንብ ስትነድፍ መውጊያዋ ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ቆዳችን ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ንቧ ከሄደችም በኋላ ከረጢቱ መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በጥፍርም ይሁን በሌላ ነገር ቶሎ ማውጣቱ ነው የሚጠቅመው። የደረቀ የንብ መርዝ ሲመዘን ግማሽ ያህሉ ሜሊቲን የተባለ የሴል ሽፋን የሚበሳ ነገር ነው፤ ከመቶ 12 ገደማ የሚሆነው ደግሞ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ሥራው አንድ ነው፤ በሴሎቻችን ሽፋን ላይ ካለው ፎስፎሊፒድ አንዱን ጭራ ይቆርጣል። ፎስፎሊፒድ ትልቅ እጀታ ያለው ቅባት ነው። ተቆርጦ የሚወጣው ጭራ ግን ነጻ ፋቲ አሲድ ነው፤ ትንሽና እጀታው የማይታይ። ሰገባው ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይገለጣል፣ ቲ ሴሎች ይነቃሉ። በ2015 ይህን በሰው ሴሎች ላይ ያሳየው በኦክስፎርድ የግሬሃም ኦግ ቡድን ነው። ንቧ ቅባት አላመጣችም፤ የራሳችንን ቅባት ቆራርጣ ለራሳችን ሴሎች እንዲታይ አደረገችው።

የመጀመሪያው የሚያቃጥል ሕመም ከመርዙ ራሱ ነው። ቲ ሴሎች ለመንቃት ሰዓታት ስለሚፈልጉ ድርሻቸውን መፈለግ ያለብን በማግስቱ በሚታየው ማሳከክና እብጠት ላይ ነው። ከዚህ ፈጽሞ የተለየ አንድ ነገር አለ፤ ንብ ነድፋው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከንፈሩና ጉሮሮው የሚያብጥ ወይም ራሱን የሚስት ሰው። ያ በፀረ እንግዳ አካላት የሚመጣ ከባድ አለርጂ ነው፤ ሕይወት ያጠፋል። ማግስቱን መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ያው ኢንዛይም ከንብ ውጭም ይገኛል። በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ፎስፎሊፔዝ አላቸው። በ2016 የኦክስፎርዱ ቡድን እነዚህ ተባዮች በችፌ ታካሚዎች ቆዳ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ቅባት ቆርጠው ቲ ሴሎችን እንደሚያነቁ፣ ፊላግሪን የተባለው የቆዳችን ፕሮቲን ደግሞ የኢንዛይሙን ሥራ እንደሚገታ አሳየ። የፊላግሪን ዘረመል ብልሽት ለችፌ እንደሚያጋልጥ ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል፤ በስኮትላንድ፣ ደንዲ የተደረገው ጥናት ነው ያወጣው። በአውሮፓ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ብልሽቱን ይሸከማል። እዚህ ላይ የኛን አገር የሚመለከት ነገር አለ። በ2011 በኢትዮጵያውያን የችፌ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል፤ አንድ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ብልሽት ተገኘ፣ በአውሮፓ የተለመዱት ግን አልተገኙም። የኛ ልጆች ችፌ ከአውሮፓ ልጆች ችፌ ጋር በስም ቢመሳሰልም በዘረመል ሥሩ አንድ አይደለም። በውጭ የተሠራ የዘረመል ምርመራ እንዳለ መጥቶ ለኛ ልጅ መልስ እንዲሰጥ መጠበቅ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ጥናት እዚሁ መበርከት አለበት። ሶራያሲስ በተባለው ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመም ደግሞ ኢንዛይሙ የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን ማስት ሴል ከተባሉ የራሳችን ሴሎች ነው። የቀረው መንገድ ተመሳሳይ ነው።

ሽቶና ቅባት ለሚሸጡም ለሚገዙም ይህ ሳይንስ የሚለው ነገር አለው። አንድ ቅባት ቆዳችንን ሲያሳብጥ የሚሰጠው የቆየ ማብራሪያ ጥቃቅኑ ኬሚካል ከቆዳችን ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ፕሮቲኑን ባዕድ ያስመስለዋል የሚል ነው። ለብዙ ኬሚካሎች እውነት ነው። ለአንዳንድ ዘይታማ ነገሮች ግን ከፕሮቲን ጋር የሚያጣብቃቸው ኬሚካላዊ ጠባይ ሳይኖራቸው ለምን አለርጂ እንደሚያስነሱ ሲያከራክር ኖሯል። በ2020 የደ ዮንግና የሙዲ ቡድኖች በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ በአለርጂ አስነሺነቱ በሚታወቀው የፔሩ በለሳም ላይ ሠሩ። ስሙ ፔሩ ይበል እንጂ ሙጫው የሚመጣው ከኤል ሳልቫዶር ዛፍ ነው። በውስጡ ያሉት ቤንዚል ቤንዞኤትና ቤንዚል ሲናሜት፣ እንዲሁም በብዙ ሽቶዎች የሚገኘው ፋርኔሶል፣ በሲዲ1ኤ በኩል ቲ ሴሎችን ያነቃሉ። ፋርኔሶል ሰገባው ውስጥ ጠልቆ በመግባት እጀታ ያለውን የራሳችንን ቅባት ገፍቶ ያስወጣል። መንገድ ይዘጋ የነበረው ነገር ሲወጣ ቲ ሴሉ ያርፋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እነዚህ ሦስቱም ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆኑ ስማቸው በዕቃው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

ከአሜሪካዋ መርዛማ ሐረግ የሚወጣው ኡሩሺዮል የተባለ ዘይትም በ2016 በቦስተን በተደረገ ጥናት፣ የሰው ሲዲ1ኤ ባላቸው አይጦች ላይ ከሌሎቹ አይጦች የበረታ የቆዳ ቁጣ አስነሥቷል። ሐረጓ በአገራችን የለችም፤ ዘመዷ ግን አለች፤ ማንጎ። የማንጎ ልጣጭና ሙጫ ኡሩሺዮልን የሚመስሉ ዘይቶች ስላሏቸው ልጣጩን በጥርሱ እየላጠ የሚበላ አንዳንድ ሰው ከንፈሩ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣበታል። ሥጋው አይደለም ጥፋተኛው፤ በቢላ ተልጦ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይበላዋል።

ችፌ ላለበት ልጅ ወላጆች በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ተጨባጭ ነገር አለ። የቆዳ ሐኪሞች ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት በየቀኑ፣ ገላ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ቀቡ የሚሉት ለማሳመር አይደለም። የተሰበረውን ንጣፍ ይተካል፤ የላዩ ከታቹ እንዳይገናኝ ያደርጋል። በተላጠና በሚያዥ ቆዳ ላይ ግን ሽቶ የተጨመረበት ቅባት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መቀባት፣ የላንገርሃንስ ሴሎች በተገለጡበት ሰዓት አዲስ ዘይት ማቅረብ ነው። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸው ሲያክክ ማየት አቅቷቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው ምክንያቱን ጭምር መንገር የሚገባን። አታድርጉ ብቻ ብሎ መመለስ አይበቃም።

የቀረኝ የሥጋ ደዌ ነው። ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1873 በኖርዌይ፣ በርገን ባክቴሪያውን ሲያገኝ ደዌው የዘር ወይም የፈጣሪ ቁጣ ውጤት ነው የሚለው ሐሳብ መሠረቱ ተናጋ። በስሙ የተጠራው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 በአዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል አጠገብ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ ግድግዳው በቅባት የተሞላ ነው። በሽታው ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። አንዱ ላይ ስሜት የሌላቸው ጥቂት ነጣ ያሉ ምልክቶች ብቻ ይወጣሉ፣ ባክቴሪያውም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌላው ላይ ቆዳው በብዙ ቦታ ያብጣል፣ ባክቴሪያውም ስፍር ቁጥር የለውም። በ1999 በሎስ አንጀለስ ፒተር ሲሊንግና ሮበርት ሞድሊን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከታካሚዎች የተወሰዱ የቆዳ ናሙናዎችን ሲያወዳድሩ፣ ሲዲ1 የያዙ ሴሎች በብዛት የተገኙት በሽታው ተወስኖ በቀረባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ በተስፋፋባቸው ላይ እምብዛም አልነበሩም። በ2004 ደግሞ የላንገርሃንስ ሴሎች የዚህን ባክቴሪያ ቅባት በሲዲ1ኤ ይዘው ለቲ ሴሎች እንደሚያሳዩ ታየ። በችፌ ላይ ያስቸገረን ያው መሣሪያ እዚህ ላይ ይጠብቀናል።

ደዌው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ለታካሚው በነጻ ነው የሚሰጠው። ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቶሎ ቢሄድ እጁና እግሩ ሳይጎዳ ይድናል። የሚያዘገየው ፍርሃትና መገለል ነው፤ ይህን ስጽፍ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ሕክምናው እያለ በሰው ፊት ላለመታየት ሲባል ጣት ይጠፋል።

ይህ ሁሉ እውቀት ለሕክምና ምን ይጠቅማል? ፕሮቲን የሚያሳዩት ሞለኪውሎች ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ነው ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ማግኘት የሚከብደው፤ ለአንዱ ሰው የሚሠራ የፕሮቲን ክትባትም ለሌላው ላይሠራ የሚችለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሲዲ1 ግን በሰዎች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። በቦስተን ታካሚ ላይ የሚሠራ ቅባት በጎንደር ታካሚ ላይም የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲዲ1ኤን የሚሸፍን ፀረ እንግዳ አካል በአይጦች ላይ ሶራያሲስ መሰሉን የቆዳ ቁጣ አብርዷል። በሌላ በኩል በ2003 በታተመ ጥናት፣ እንደ ሰው የሲዲ1 ዘመዶች ያሏቸው ጊኒ ፒግ የተባሉ እንስሳት ከቲቢ ባክቴሪያ ቅባት በተሠራ ክትባት ተከትበው ባክቴሪያው ሲሰጣቸው የሳንባቸው ጉዳት ካልተከተቡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለሕፃናት ክንድ ላይ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ራሱ የሚወጋው ቆዳ ውስጥ ነው፤ የያዘውም ሕያው የሆነ፣ ግድግዳው በዚሁ ቅባት የተለበጠ የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ ነው።